194,313 ቀን

የዓመቱን የበዓላት ስሌት ለማተሚያ ቤት ከማስረከቤ በፊት ሁልጊዜ የምመለስበት አንድ ቁጥር አለ፤ 194,313። በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የምንለው የ532 ዓመት ዙር በቀን ሲቆጠር ይህን ይሆናል። ለ7 ሲካፈል 27,759 ሳምንት ደርሶ ምንም አይተርፍም። እስከ መጨረሻው ቢበተን ደግሞ 3፣ 7፣ 19 እና 487 ብቻ ይወጡታል። 7ቱ የሳምንት ነው፤ 19ኙ የጨረቃ። 3 እና 487 ተባዝተው የሚሰጡት 1,461 ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት አራት ዓመታት የቀን ድምር ነው፤ የሉቃስ ስድስተኛዋ ጳጉሜን ሳትቀር።

532 የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ነው። ሦስቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ አንድ ላይ ወደ መነሻቸው ለመመለስ ግድ 532 ዓመት ይፈልጋሉ። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በ1486 በዐፄ እስክንድር ዘመንም ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2550ም እንደዚሁ።

ካዛንቺስ ላይ ሁለት አቆጣጠሮች ጎረቤት ናቸው፤ የኛው በቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን፣ የጎርጎርዮሱ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ። የጎርጎርዮሱ የ400 ዓመት ዙር 146,097 ቀን ነው፤ እሱም ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ግን 19 በውስጡ የለም። በዚህና ለጨረቃዋ በተበጀላት ማረሚያ የተነሳ የምዕራባውያን ፋሲካ ሙሉ ዙሩን የሚጨርሰው በ5,700,000 ዓመት ነው። የኛው በአንድ ሰው እርሳስ ተሠርቶ ያልቃል፤ ለኔ የሙያው ውበት እዚህ ላይ ነው። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ በአንድ ዐቢይ ቀመር የምንቆጥራቸው 6,580 የጨረቃ ወራት ከሰማይዋ ጨረቃ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይርቃሉ። ይህን ከተማሪ መደበቅ አይገባም።

ስንሠራ የምንይዘው ቀሪውን ነው፤ ድርሻውን እንገድፋለን። 2018 ላይ 5,500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንተው ወንበሩ 12። ይህ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይወጣል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። እዚህ ላይ ሁለቱን እደምራለሁ፤ 30 ካልመጣ ገጹን እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ብዙ ቦታ ሠንጠረዡ ይሸመደድና የ11 ምክንያት ሳይነገር ይቀራል። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ 354 ነው፤ ልዩነቱ 11። 19 ደግሞ 11ን ወደ 30 የሚሞላው ነው፤ ስለዚህ የትኛውም ወንበር ቢመጣ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ከ30 ንቅንቅ አይልም።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 25፣ ነነዌም ጥር 25። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 34፤ 30ው ሲገደፍ ሚያዝያ 4።

የ2019ን እናንተ ሞክሩት። መጥቅዑ 7 ስለሚሆን በጥቅምት ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ተውሳኩም 8 ነው። ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ካልመጣላችሁ፣ ከሁሉ በፊት በ19 የተረፈውን መርምሩ።