«መጣ» ወይስ «መታ»?

ዛሬ የምተቸው ጽሑፍ 36 ቃላት ብቻ ያሉት ነው። አዘጋጆቹ ገጣሚዎች አይደሉም፤ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመ ማእከል ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ዝርዝር ሰው ንግግርን ምን ያህል ዝግ ባለ ድምፅ መከተል እንደሚችል ለመለካት የተመረጡ ቃላትን ይዟል። «ቤዝቦል»፣ «ካውቦይ»፣ «ሆትዶግ»፣ «ኤርፕሌን» እያለ ይሄዳል። የጆሮ ታምቡርም በእንግሊዝኛ ስሙ ከመሀል ተሰክቷል፤ እሱን ሳይስቁ የመረጡት አይመስለኝም።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩበት ዓይን ሳየው የተዋጣለት ሥራ ነው። ቃላቱ ሁለት ሁለት ቀለም አላቸው፤ ሁለቱም ቀለሞች እኩል ጎልተው ይነገራሉ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ተመርማሪው አንዱን ቃል መድገም ቢያቅተው ጥፋቱ የጆሮው እንጂ የዕውቀቱ አይሆንም። የዝርዝሩ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። በትርጉም የማይሻገረውም ይሄው ጥበብ ነው። «ቤዝቦል»ን መቀሌ ድረስ ያመጣ ሰው የሚለካው ጆሮን ሳይሆን ቴሌቪዥን ማየትን ነው።

መቼም «ጆሮ ጆሮ ነው፤ ቋንቋ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ሐኪሙ መጀመሪያ በመብራት አይቶ ጆሮውን የደፈነው ኩክ እንደሆነ ይለያል (ስንቱ «ደነቆርኩ» ብሎ ሄዶ፣ ኩኩ ወጥቶለት እየሳቀ ተመልሷል!)። ቬበርና ሪነ የተባሉ ጀርመናውያን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባቆዩልን ዘዴ፣ ሹካ መሰል ብረት መትቶ ግንባር ላይና ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ያሳርፋል፤ እንከኑ በድምፁ መተላለፊያ ይሁን በውስጠኛው ጆሮ ይገምታል። የአየር ግፊት እየለዋወጠ የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ጤነኛ ጆሮ ራሱ ቀጭን ድምፅ መልሶ እንደሚያወጣ ካሳየ ወዲህ ደግሞ አፉን ያልፈታ ሕፃን ተኝቶም ይመረመራል። ማዳመጫ አድርጎ «ጢጥ» ሲል ቁልፍ መጫኑም ቢሆን መመሪያው እስከገባ ድረስ ቋንቋ አይጠይቅም።

ግን እናቶቻችን ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት «ጢጥ» ጠፍቶባቸው ነው እንዴ? «ድምፁ ይመጣል፤ የሚባለው ነው የማይገባኝ» ነው የሚሉት። በዕድሜም ሆነ በፍንዳታ የውስጠኛው ጆሮ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። አናባቢው ይቀራል፤ እነ «ሰ»፣ እነ «ፈ»፣ እነ «ተ» ይሸሻሉ። «ልጅዎ መጣ» እና «ልጅዎ መታ» አንድ ይሆናሉ። በአማርኛ ደግሞ መጥበቅና መላላት አለ፤ ፊደላችን አይጽፈውም እንጂ ጆሮ ይፈልገዋል። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ቢሮ ውስጥ። የቃል ፈተና ይህን ካልጠየቀ ምን ጠየቀ?

መቀሌ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። የከተማው አፍ ትግርኛ ነው። ትግርኛ አማርኛ በጊዜ ብዛት የጣላቸውን የ«ሐ»ንና የ«ዐ»ን ድምፅ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ በዚያ ላይ «ቐ» አለው። «ቖልዓ» (ልጅ ማለት ነው) የምትለዋን ቃል ውሰዱ። አዛውንቷ በትክክል ደግመዋት፣ መዝጋቢው አፉን በአማርኛ የፈታ ከሆነ «ቆላ» ብሎ ሊሰማ ይችላል። ታዲያ ያልሰማው ማን ነው? በአማርኛ ቃላት ቢፈተኑም ያው ነው። «አማርኛ ይሰማሉ?» ስንል እኮ ስለ ጆሮ አልጠየቅንም፤ ሁለቱን በአንድ ግስ ጠቅልለን ኖረናል። ውጤቱም ወረቀት ላይ ሲወርድ እንደዚያው ተጠቅልሎ ይወርዳል።

ይህን የምለው ለቋንቋ ፍቅር ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ትግራይ ላይ ከባድ መሣሪያ ጮኋል። በፍንዳታ የተበሳ ታምቡር በመብራት ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ይድናል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሴሎች ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ከውጭም አይታዩም። እንዲህ የተጎዳ ተማሪ የመምህሩን ንግግር ግማሹን እየሰማ «ሰነፍ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል በጦርነቱ ጊዜ መድኃኒት አልቆበት ሐኪሞቹ እሪ ብለው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ቃል ዝርዝር ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ግን ዝርዝር በመርከብ ተጭኖ፣ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ዓይደር የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቋንቋ የሚያስተምሩትም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው። ሥራው ሁለቱን ይፈልጋል፤ እረኛውም ነጋዴውም ተማሪውም የሚያውቃቸውን ቃላት መልቀም፣ ድምፆቹ በዕለት ንግግር ውስጥ ባላቸው መጠን እንዲገቡ ማድረግ፣ በአንድ ሰው ድምፅ መቅረጽ፣ ከዚያ ጆሮአቸው ጤነኛ በሆነ ሰዎች ላይ አስቀድሞ መሞከር።

የማን አፍ ይቀረጽ? የዓድዋ፣ የእንደርታ ወይስ የራያ? እዚህ ላይ የቋንቋ ሰዎች እንደሚጣሉ አውቃለሁ፤ ይጣሉ። እኔ ከተጠየቅሁ «ማይ» ትግባ፣ «ጸሓይ» ትግባ እላለሁ። «ቖልዓ» እንዳትቀር፤ መዝጋቢውም «ዐ»ን የሚለይ ይሁን።