ካማይቻ የሚመታው ለማን ነው?

ሕንዳዊው የቴአትር አዘጋጅ ሮይስተን አቤል እ.ኤ.አ. በ2006 ለመድረክ ያበቃው «የማንጋኒያሮች ማማለል» የተሰኘ የሙዚቃ ትርኢት በብዙ አገሮች ታይቶ ተወድሷል። የራጃስታን ባህላዊ ሙዚቀኞች፣ ቀይ መጋረጃ በተጋረደባቸውና ዙሪያቸውን አምፖል በተገጠመላቸው፣ እርስ በርስ በተደራረቡ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ይቀመጣሉ። መጋረጃዎቹ ተራ በተራ እየተገለጡ መሣሪያ በመሣሪያ ላይ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይጨመራል፤ በመጨረሻም መድረኩ በሙሉ በብርሃንና በዜማ ይጥለቀለቃል። የትርኢቱን ኃይል መካድ አይቻልም። ሆኖም ይህ ውበት ከመሣሪያዎቹ ሕይወት ዋናውን ነገር ይሰውርብናል ባይ ነኝ።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የማንጋኒያሮች መታወቂያ ካማይቻ ነው። በታር በረሃ፣ በጃይሳልሜርና በባርሜር አካባቢ የሚገኝ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ከእንጨት የተፈለፈለው ክብ ሆዱ በፍየል ቆዳ ይለበጣል። ዋና ዋና አውታሮቹ እንደ በገና ከአንጀት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ጋር የተወጠሩ የብረት አውታሮች ያስተጋባሉ።

ማንጋኒያሮች ሙስሊሞች ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ውል የሚዘፍኑላቸው ቤተሰቦች ግን በአብዛኛው ሂንዱ ራጅፑቶች ናቸው። ልጅ ሲወለድ፣ ሠርግ ሲደገስ በባለቤቱ ደጅ ተገኝተው የዘር ሐረጉን ይቆጥራሉ፤ በምላሹ እህል፣ ከብት ወይም ገንዘብ ይቀበላሉ። ጎረቤቶቻቸው ላንጋዎች ደግሞ ለሙስሊም ሲንዲ ሲፓሂዎች ይዘፍናሉ፤ የእነርሱ መሣሪያ ሲንዲ ሳራንጊ ነው። በዚያ አገር እንግዲህ መሣሪያው ራሱ ማን ለማን እንደሚዘፍን ይናገራል።

«ማንጋኒያር» የሚለው ስም «መጠየቅ፣ መለመን» ከሚል ቃል ጋር ይያያዛል። «ለማኝ» ብሎ የሚተረጉመው ግን ይስታል፤ ዘፋኙ የሚጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን የሚገባውን ድርሻ ነውና። «አዝማሪ» ከ«ዘመረ» ተወልዶ ሳለ የንቀት ቃና እንደተጫነበት ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም።

ኮማል ኮታሪ (1929–2004) ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ከደራሲው ቪጃይዳን ዴታ ጋር በቦሩንዳ መንደር ሩፓያን ሳንስታን የተባለውን ተቋም መሥርቶ፣ ዜማውን ከዘፋኙና ከአዘፋኙ ኑሮ ሳይነጥል ሲያጠና ኖሯል። የአቤል መድረክ ግን ዘፋኙን አጉልቶ አዘፋኙን አስወጥቶታል። በእርሱ ቦታ የተቀመጠው ትኬት የገዛ፣ አባቶቹ የማይቆጠሩለት ተመልካች ነው።

አሮጌው ሥርዓት ይመለስ ማለቴ አይደለም። የበላይና የበታች ያለበት ሥርዓት ነው፤ መድረኩም ለሙዚቀኞቹ ገቢና ክብር አስገኝቷል። ታላቁ የካማይቻ ባለሙያ ሳካር ካን እ.ኤ.አ. በ2012 የፓድማ ሽሪ ሽልማት ተቀብሎ፣ በ2013 ዐርፏል። ነገር ግን ሽልማትና ጭብጨባ ለዘፋኙ ይበጁ እንጂ፣ የሚዘፈንለትን ቤት አይተኩም። ያ ቤት ከጠፋ ካማይቻው ድምፁን ይዞ ሥራውን ያጣል።

ትርኢቱን ያላየ ቢያየው አይጸጸትም። ሲያየው ግን ከቀዮቹ መጋረጃዎች በስተጀርባ የሌለውን ሰው፣ ስሙ በዘፈን ሊጠራ የሚገባውን ባለቤት፣ ቢያስታውስ መልካም ነው።