የሚበሰብሰውና የሚቀረው፦ የዶርዜ ታሪክ ከጉጌ እስከ አባያ

የጋሞ ደጋ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ስሙ የተነሣው በሽመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሞታ ዋሻ የወጣው፣ ባይራ የተባለውና 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው አጽም ነው ያስጠራው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ጂኖሙ ሲታተም፣ ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽም ሙሉ ጂኖም ሲነበብ የመጀመሪያው ሆነ፤ ከዛሬ ሕዝቦች ይበልጥ የሚቀርቡትም አሪዎች መሆናቸው ታወቀ። ከዩራሲያ የተመለሰ ዘር መላ አፍሪካን አዳርሷል የሚለው የጥናቱ ድምዳሜ ግን ከስሌት ስህተት የመጣ ስለነበር ተመራማሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት አርመውታል። እርማቱ የዜናውን ያህል አልተሰማም።

ዋሻ የሚያቆየውን ያቆያል፤ የተዳፋቱን ኑሮ ግን አይነግረንም። የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ፣ የሐሬ ወንዝ ወደ አባያ ሐይቅ ከጉጌ ተራሮች ደጋ ይወርዳሉ። ላይ እንሰትና ገብስ፣ ታች ጥጥ። እዚሁ ደጋ ላይ የሚኖረው የዶርዜ ሸማኔ ጥጥ አያበቅልም፤ ከቆላ የመጣውን ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፣ ሸማውም አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ይዘልቃል። ጥጡ ሽቅብ ሲወጣ አፈሩ ቁልቁል ይሄዳል፤ የአባያን ውኃ ከሚያደፈርሰው ደለል ከፊሉ ይኸው ነው። ደጋውን ብቻ የሚቆፍር ሰው እንግዲህ የታሪኩን ግማሽ ከእግሩ ሥር እየታጠበ ሲሄድ ያጣዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጠነክራል። ጎብኚ የሚያየው ዶርዜ ሁሉ የሚበሰብስ ነው። ረጅሙ የቀርከሃ ቤት ከሥሩ ምስጥ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፣ ቤቱም እያደር ያጥራል፤ ካስፈለገ ሰው ተሸክሞት ቦታ ይለውጣል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ የሚገኘው ምድጃ፣ አመድና የሸክላ ስባሪ ነው።

ስባሪውን የሠራችው ማን ናት? በጋሞ ሥርዓት መሬት አርሰው በሸንጎ የሚቀመጡት ማላዎች ሲሆኑ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ማናዎችና ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላዎች ከጋብቻም ከመሬትም ተገልለው ኖረዋል። አርኪዮሎጂስቱ የሚያነበው ግን በአብዛኛው የእነርሱን እጅ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ጆን አርተር በጋሞ ቤቶች ባደረገው ጥናት፣ ጠላ የተጠመቀበት ማሰሮ ውስጡ ጠላው ሲብላላ በሚፈጥረው አሲድ እየተበላ እንደሚሻክር አሳይቷል፤ ጠላ በብዛት የሚጠምቀው ባለጸጋ ስለሆነ፣ የተበላው የማሰሮ ግድግዳ የሀብት ምስክር ሆነ። የማላው ሀብት የሚነበበው በማናዋ ሸክላ ላይ ነው ማለት ነው። አርኪዮሎጂስቷ ካትሪን አርተርም በጋሞ የቦረዳ ደጋላዎች በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ተጣብቆ ቆዳ የሚፍቅ የድንጋይ መሣሪያ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሠሩ በማጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አሳትማለች። የ«ድንጋይ ዘመን» አልፎ ሄደ የሚሉ ወገኖች ይህን ሥራ ቢያነቡ መልካም ነው።

በእኔ ግምት የዶርዜ ቱሪዝም ያለ ክፋት ያንኑ መገለል እየደገመ ነው፤ ያማረውን ያሳያል፣ የሚቀረውን ያስቀራል። ሽመናውንም አላከበረውም፤ ዕድሜውን ሳይጠይቅ «ጥንታዊ» ብሎ ያልፋልና። ጥያቄው ግን መልስ ሊያገኝ ይችላል። ሸማው ቢበሰብስም የከሰለ የጥጥ ፍሬ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ በአክሱም ቁፋሮ ተገኝቷል። በዶርዜ የተለቀቁ የቤት ቦታዎች አመድ ውስጥና ሐሬ ሜዳው ላይ ባራገፈው ደለል ሥር እስኪፈለግ ድረስ፣ ጥጡ መቼ ሽቅብ መውጣት እንደጀመረ የምንናገረው ሁሉ ግምት ነው።