የአንድ ወንበር ክብደት፦ ከአዲሱ መሰለ እስከ ፕኒና ታማኖ ሻታ

በእስራኤል ከአሽዶድ ማሪና ዳርቻ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው የወደቡ ክሬኖች ጎልተው ይታያሉ። ወደቡ በ1965 ሥራ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ክሬን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ከሀገሪቱ ሠራተኛ ጋር ሲነጻጸሩ ከእፍኝ አይበልጡም። እጃቸውን ሲሰበስቡ ግን መርከብ ባሕር ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ሚኒስትሩም ለድርድር ይመጣል። ጉልበታቸው የሚመጣው ከቁጥራቸው ሳይሆን ከቆሙበት ቦታ ነው።

አሽዶድ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ልጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በማህበረሰቡ መካከል የፖለቲካ ወግ ሲነሳ የሚቆጠረው ግን ብዙ ጊዜ ቦታ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፦ የመጀመሪያው የክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) አባል፣ የመጀመሪያዋ ሚኒስትር። ማዕረጉ ኩራት ነው፤ ኩራቱም ይገባል። የአንድን ፖለቲከኛ ሕይወት ለመመዘን ግን አይበቃም። በር ማን ቀድሞ እንደከፈተ ይነግረናል እንጂ የገባው ሰው ምን ለማድረግ እንደቻለ፣ ካልቻለም ለምን እንዳልቻለ አይነግረንም። ይህ ዳሰሳ ሦስት የፖለቲካ ሕይወቶችን በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ለመመርመር ይሞክራል።

ከሰልፍ የተወለደ ወንበር

አዲሱ መሰለ በ1961 በኢትዮጵያ ተወለዱ፤ በ1980 እስራኤል ገቡ። ዓመቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። 8,000 ያህል ሰዎች በሱዳን በኩል የመጡበት የሙሴ ዘመቻ የተካሄደው በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ነው። አዲሱ እንግዲህ ሕዝቡ ከመድረሱ በፊት ቋንቋውንና የቢሮውን አሠራር ከለመዱት ጥቂቶች ወገን ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የነበረው የመሪ ዓይነት ሌላ ነው። በመንደሩ ቄሶችና ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት ደግሞ እንደ ዮና ቦጋለ (1908–1987) ያሉ መምህራን፣ ብዕራቸውን ይዘው ለዓለም የአይሁድ ድርጅቶች አቤት የሚሉ ሰዎች ነበሩ። የአዲሱ መሰለ ትውልድ ከደብዳቤው ወደ አደባባዩ ወጣ።

የመጀመሪያው ትልቅ አደባባይ በ1985 የታየው ነው። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት የቤተ እስራኤልን አይሁድነት በመጠራጠር ምሳሌያዊ ወደ አይሁድነት የመግባት ሥርዓት እንዲፈጽሙ ሲጠይቅ፣ የማህበረሰቡ አባላት ኢየሩሳሌም በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ ፊት ለአንድ ወር ያህል በተቃውሞ ተቀመጡ። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ አደባባይ ሊወጣ የሚችለው ሕዝብ ቁጥር በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ቁጣው የፈነዳው በጃንዋሪ 1996 ነው። የደም ባንኩ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የሚቀበለውን ደም ለጋሾቹ ሳያውቁ እንደሚደፋ አንድ ጋዜጣ አጋለጠ። ምክንያቱ የኤች አይ ቪ ፍርሃት ነበር። 10,000 ገደማ ሰው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጨ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትስሃቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

ከተቃውሞው መሪዎች አንዱ አዲሱ መሰለ ነበሩ። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በሜይ 1996 ምርጫ፣ በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ክኔሴት ገቡ። ወንበሩን የወለደው ሰልፉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተመዘገበው ግን በሰልፈኛው ስም ሳይሆን በፓርቲው ስም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የዝርዝሩ ሒሳብ

እስራኤል መላዋ አንድ የምርጫ ክልል ናት። መራጩ 120 ወንበር ላለው ምክር ቤት የሚመርጠው ሰው ሳይሆን ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ማን ከማን እንደሚቀድም የሚወስነው ፓርቲው ነው። የኢትዮጵያ ተወላጆችና ልጆቻቸው ከሀገሪቱ ሕዝብ 2% አይሞሉም። ዝቅተኛው የድምፅ ገደብ በ1996 1.5%፣ በኋላ 2%፣ ከ2014 ወዲህ 3.25% ነው። ሒሳቡ ጨካኝ ነው፦ ማህበረሰቡ አንድ ሰው ሳይቀር በአንድ ልብ ቢመርጥ እንኳ ዛሬ ብቻውን አንድ ወንበር አያገኝም።

አዲሱ በገቡበት ቀን ፓርቲያቸው የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ምርጫ ተሸነፈ፤ ስለዚህ ሦስቱን ዓመት ያሳለፉት በተቃዋሚ መቀመጫ ነው። በማርች 1999 ከሠራተኛ ማህበራት ፌዴሬሽን መሪው ከአሚር ፔሬትስ ጋር ወጥተው «አም ኤሃድ» የተባለውን አዲስ ዝርዝር ተቀላቀሉ። ዝርዝሩ በሜይ ምርጫ 2 ወንበር ብቻ ሲያገኝ እርሳቸው ውጭ ቀሩ። ከዚያ እስከ 2008 ድረስ በክኔሴት የኢትዮጵያ ተወላጅ አልነበረም።

ይህን መውጣት እንደ ስህተት ብቻ ማንበብ ቀላል ነው። በትልቁ ፓርቲ ቢቆዩ ኖሮ ይባላል። ሆኖም አመክንዮ ነበረው። የሠራተኛውን ጥያቄ ያነገበ ዝርዝር፣ አብዛኛው ወገኑ በጉልበት ሥራ ለሚያድር ፖለቲከኛ ከምሁራኑ ፓርቲ ይልቅ የተፈጥሮ ቤቱ ሊመስል ይችላል። የጎደለው መርሁ አይደለም፤ ቦታው ነው። የተቃዋሚ አንድ ድምፅ ማንንም አያስቆምም፤ አዲሱ ዝርዝር ደግሞ ከሁለት ሰው በላይ የሚሸከም ጀርባ አልነበረውም።

ከጃካርታ የሚመጣ ንጽጽር

ይህ ችግር የማህበረሰባችን ብቻ አይደለም። የኢንዶኔዥያው ብሔርተኛ ሱታን ሻህሪር (1909–1966) ሕይወት ትልቅ መስታወት ነው። በኔዘርላንድ ተማረ፤ ቅኝ ገዢዎቹ ወደ ቦቨን ዲጉል፣ ከዚያም ወደ ባንዳ ደሴት አጋዙት። ነጻነት በታወጀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ36 ዓመቱ፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በሊንጋጃቲ ከደቾች ጋር ተደራደረ። «የመጀመሪያው» የሚለው ማዕረግ ለእርሱም ተሰጥቶታል። በዚያች ሰዓት ኃይሉ የመጣው ከቦታው ነበር፤ ወጣቷ ሪፐብሊክ ከጃፓን ጋር ያልተባበረ፣ ደቾችም ሊያናግሩት የሚችሉት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ያ አስፈላጊነት ሲያበቃ የቀረው ቁጥር ብቻ ሆነ። በ1955 ምርጫ የእርሱ ሶሻሊስት ፓርቲ 2% ገደማ ድምፅና ከ257 ወንበር 5 ብቻ አገኘ። ፓርቲው በ1960 ታገደ፤ ሻህሪር በ1962 ታሰረ፤ በ1966 ዙሪክ ላይ እስረኛ ሳለ አረፈና በዚያው ዓመት ብሔራዊ ጀግና ተባለ። ከ2% ጋር የሚታገል ማህበረሰብ ይህን ታሪክ ሲያነብ የሚያስደነግጠው የጀግናው ሞት ብቻ አይደለም፤ ያው ሰው፣ ያው ብቃት፣ ቦታው ሲለወጥ ምን ያህል እንደሚቀልል ነው።

አንድ ድምፅ የከበደበት ወቅት

ዶክተር አብርሃም ንጉሤ የራስን ፓርቲ መንገድ ሞክረውታል። በ2006 «አቲድ ኤሃድ» በሚል ዝርዝር ተወዳደሩ፤ ገደቡን አላለፉም። በ2015 ግን በገዢው ፓርቲ በሊኩድ ዝርዝር ገቡ። ያ ዓመት በፖሊስ ጭካኔ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ኢየሩሳሌምንና ቴል አቪቭን ያናወጠበት ነው። የመንግሥቱ ጥምረት ከ120 ወንበር 61 ብቻ ነበረው። በኖቬምበር 2015 መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠባበቁ 9,000 ገደማ ሰዎች እንዲመጡ ወሰነ፤ ከወራት በኋላ በበጀት ሰበብ አዘገየው። ንጉሤ ከፓርቲ ባልደረባቸው ከዳቪድ አምሳለም ጋር ሆነው ከጥምረቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። 61 ላይ ሁለት ሲጎድል 59 ነው። መንግሥት ወደ ድርድር ተመለሰ፤ በኦክቶበር 2016 የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች አረፉ።

የክሬኑ ሠራተኛ ጉልበት ማለት ይህ ነው። ድንበሩንም ማየት ያሻል። በሜይ 2016 ጥምረቱ ተጨማሪ አጋር አግኝቶ ሲሰፋ የአንዱ ድምፅ ዋጋ ወዲያው ቀነሰ። ደግሞም በዚህ ዓይነት ኃይል የሚገኘው የሚቆጠር ነገር ነው፦ ስንት ሰው፣ በየትኛው በጀት። ፖሊስ ጥቁር ወጣትን በመንገድ ሲያገኝ የሚያደርገውን በጥምረት ሒሳብ መቀየር አይቻልም። በ2019 የበጋ ወራት አንድ ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲገደል መንገዶቹ እንደገና የተዘጉት ለዚህ ነው።

ደሙ ሲመለስ

ፕኒና ታማኖ ሻታ በ1981 በጎንደር አካባቢ ተወልደው በሙሴ ዘመቻ በ3 ዓመታቸው መጡ። ሕግ ተማሩ፤ በቴሌቪዥን ጋዜጠኛነት ሠሩ፤ በ2013 በየሽ አቲድ ፓርቲ ዝርዝር ክኔሴት ገቡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በክኔሴቱ ግቢ የደም ልገሳ ሲካሄድ ሊሰጡ ቀረቡ፤ መመሪያው የትውልድ ሀገራቸውን ይዞ መለሳቸው። ከ1996 ሰልፍ ወደ 18 ዓመት ሊሞላ ነው። ያ ሰልፍ የከፈተውን ወንበር የያዘች ሴት በዚያው ሰልፍ ጥያቄ ፊት ቆመች። ወንበሩ ከደጅ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ደንቡ ግን ባለበት ነበር።

በሜይ 2020 የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ሆኑ። በኢትዮጵያ የተወለደ ሰው በእስራኤል ካቢኔ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት 2,000 ሰዎች ከኢትዮጵያ እንዲመጡ አጸደቀ፤ ከዲሴምበር ጀምሮም መምጣት ጀመሩ። ውጤቱ እውነተኛ ነው። ሐያሲው ግን የተሰጣቸው ቢሮ የትኛው እንደሆነ ማስተዋል አለበት፦ የቅበላ ሚኒስቴር። ከማህበረሰቡ የወጣ ሰው የማህበረሰቡን ጉዳይ እንዲይዝ መደረጉ አመኔታም ነው፣ አጥርም ነው። በአንጻሩ የሲግድ በዓልን በ2008 የመንግሥት በዓል ያደረገው ሕግ ከማህበረሰቡ ባልሆኑ የክኔሴት አባል የቀረበ ነው። ተወካይ መኖርና ጉዳይ መሳካት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ስለ ሚዛኑ

ሦስቱን አንድ ላይ ስናነብ «ማን ተሳካለት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ መታረም ይኖርበታል። አዲሱ የሰልፍ ጉልበት ይዘው ገቡ፤ የሚያቆሙት ነገር በማይገኝበት ወንበር ተቀመጡ። ንጉሤ የራሳቸው ሰንደቅ ወድቆ በሌላው ጣሪያ ስር ሲገቡ፣ ጥምረቱ በቀጠነበት ወቅት ቆመው ተገኙ። ታማኖ ሻታ ቢሮ አገኙ፤ ቢሮው ግን ቀድሞ የተሰመረ ወሰን ነበረው። ልዩነቱን በግል ብቃት ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እኛም ተረቱን ስንጠቅስ ሁልጊዜ ስለ ማበሩ እናወራለን፤ ተበታተንን፣ አልተስማማንም እያልን እንወቃቀሳለን። ድሩ ግን በ1985ም፣ በ1996ም፣ በ2015ም፣ በ2019ም አብሮ ነበር። ተረቱ ሳይነግረን ያለፈው አንበሳው የሚያልፈው በየት በኩል እንደሆነ ነው። የቀጣዩን ተመራጭ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የትውልድ መንደሩንና የመጣበትን ዓመት ከመዘገበ በኋላ፣ ወንበሩ በጥምረቱ ውስጥ የት እንደነበረና በዚያ ወንበር ላይ እምቢ ማለት ማንን ያስቆም እንደነበር ቢመረምር፣ ማዕረጉን ሳይነካ ሰውየውን የበለጠ ያሳየናል።