ባሕር ሲሻገሩ ስማቸው ስለሚለወጥ መጻሕፍት

በቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍትን እየመረመረ በካታሎግ የሚመዘግብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው፣ የመጽሐፍ ሽፋን ገዢን ለመጥራት የተዘጋጀ እንጂ ለምስክርነት የሚበቃ አለመሆኑን ነው፤ ስለዚህም ሽፋኑን አልፎ ርእሱ የተጻፈበትን ገጽ ይከፍታል፣ ከዚያም ቅጠሉን ገልብጦ በጀርባው በደቃቅ ፊደል የሰፈረውን የአሳታሚ ስም፣ የኅትመት ዓመትና የባለመብቱን ማስታወቂያ አንድ በአንድ ያነባል። መጽሐፉ አስቀድሞ በሌላ አገር በሌላ ስም ታትሞ እንደ ነበረ የምትናገረው አጭር መስመር የምትገኘው፣ አብዛኛው አንባቢ ሳያየው በሚያልፈው በዚህ ገጽ ላይ ነው፤ እርሷ በሌለችበት ጊዜ ግን፣ አንድ ደራሲ በአንድ ቋንቋ የጻፈው አንድ ድርሰት ከለንደን በአንድ ስም፣ ከኒውዮርክ በሌላ ስም ሲመጣ፣ አንባቢው ሁለት መጻሕፍት ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ይወስድና ታሪኩ ያው መሆኑን ሲረዳ እያዘነ ይመልሰዋል። የዕድሜዬን አብዛኛውን ክፍል በዚህ ሥራ ላይ ስላሳለፍሁ፣ ስሙ ስለ ምን እንደሚለወጥ፣ የትኛው ለውጥ የተገባ፣ የትኛው ያልተገባ እንደ ሆነ የሚመስለኝን እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰዎች ምክንያቱ የሁለቱ አገሮች የአነጋገር ልዩነት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ሥሩ ግን በሕግና በንግድ ውስጥ ነው። እስከ 1891 ድረስ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ደራሲን መብት ስለማይጠብቅ፣ የፈለገ አታሚ ሁሉ የእንግሊዞችን መጽሐፍ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ያባዛ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግም ቢሆን ጥበቃውን የሰጠው የመጽሐፉ ፊደል በአሜሪካ ምድር እንዲለቀም በማስገደድ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዱ ድርሰት ሁለት አሳታሚ፣ ሁለት ማተሚያ ቤትና ሁለት ገበያ እንዲኖረው ግድ ሆነ፤ እያንዳንዱም አሳታሚ በገበያው ላይ ባለሥልጣን በመሆኑ፣ ለአገሬ አንባቢ ይስማማል ያለውን ስም ለማውጣት ብዙ የሚከለክለው አልነበረም።

ከዚህ ሕግ አስቀድሞም ቢሆን በሁለት አገር ማሳተም እንግዳ ነገር አልነበረም። የሄርማን ሜልቪል ታላቅ ድርሰት በኦክቶበር 1851 በለንደን በሪቻርድ ቤንትሊ አሳታሚነት በሦስት ቅጽ ሲወጣ ስሙ «ዓሣ ነባሪው» ነበር፤ በተከታዩ ወር በኒውዮርክ በሃርፐር ሲታተም ግን «ሞቢ ዲክ» ተባለ፤ ይህም የሆነው ደራሲው ስሙን ለመለወጥ የቈረጡት ዘግይተው፣ የለንደኑ ሥራ ከተያዘ በኋላ ስለ ነበረ ነው። ያ የለንደን ኅትመት የጐደለው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ተራኪው ከመርከቢቱ ጥፋት እንዴት እንደ ተረፈ የሚገልጸው የመጨረሻው ክፍል ስላልገባበት፣ ከለንደን ሐያስያን አንዳንዶቹ የሞተ ሰው ታሪኩን ሊናገር እንዴት ቻለ ብለው ደራሲውን ነቀፉ። ስም የሚለውጡ አሜሪካውያን ብቻ እንዳይመስለንም፣ ናትናኤል ሆቶርን በ1860 ያወጡት መጽሐፍ በቦስተን «የእብነ በረዱ ፋውን» ሲባል፣ የለንደኑ አሳታሚ «መለወጥ» ብሎ ሰየመው፤ ደራሲውም ይህን ስም አልወደዱትም።

የተገባ ለውጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ከአጋታ ክሪስቲ የበለጠ ምስክር አላውቅም። በ1934 በለንደን «በኦሪየንት ኤክስፕረስ ላይ የተፈጸመ ግድያ» ተብሎ የወጣው መጽሐፋቸው በአሜሪካ «በካሌ ፉርጎ ውስጥ የተፈጸመ ግድያ» ተባለ፤ ግሬም ግሪን በ1932 «የስታምቡል ባቡር» ብለው ያሳተሙት ልብ ወለድ በተከታዩ ዓመት አሜሪካ ሲደርስ «ኦሪየንት ኤክስፕረስ» ተብሎ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው። አንዱ ለውጥ ሌላውን ለውጥ እንደ ወለደ ልብ ይሏል፤ ሆኖም የክሪስቲ አሜሪካዊ አሳታሚ አንባቢውን ከስሕተት ለመጠበቅ ያደረገው በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። በ1939 የወጣው ሌላው መጽሐፋቸውማ በለንደን ጥቁሮችን የሚያዋርድ የስድብ ቃል በርእሱ ላይ ተሸክሞ ነበር፤ አሜሪካውያኑ ያንን ጥለው በ1940 «ከዚያም ማንም አልቀረም» ብለው ሲያወጡት፣ ለንደን የስድቡን ስም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይዛ ኖረች። በዚህ ነገር ፍርዱ ለኒውዮርክ ነው። ነገር ግን በ1957 የታተመው «የ4፡50ው ባቡር ከፓዲንግተን» አሜሪካዊው አንባቢ የለንደኑን ባቡር ጣቢያ አያውቅም በሚል ሥጋት «ወይዘሮ ማክጊሊከዲ ያዩት ነገር!» ሲባል፣ የባቡር ጉዞው ለምርመራው መሠረት ሆኖ ሳለ ከርእሱ ስለ ጠፋ፣ አንባቢው አንዳች ነገር ተወስዶበታል።

የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍም ነገር ይህን ይመስላል። በ1997 በለንደን «የፈላስፋው ድንጋይ» የተባለው፣ በ1998 በአሜሪካ «የጠንቋዩ ድንጋይ» ሆነ፤ ፈላስፋ የሚለው ቃል ሕፃናቱን ያርቃል ተብሎ ነው። የፈላስፋው ድንጋይ ግን የደራሲዋ ፈጠራ ሳይሆን፣ የጥንት አልኬሚስቶች ተራውን ማዕድን ወርቅ ያደርጋል፣ ዕድሜንም ያረዝማል እያሉ ለብዙ ዘመን የፈለጉት ነው፤ ስሙ ሲለወጥ ሕፃኑን ከዚያ ረጅም ታሪክ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ተዘጋ። ጄ. ኬ. ሮውሊንግም በለውጡ በመስማማታቸው ኋላ መጸጸታቸውን ተናግረዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ በፕሪሞ ሌቪ መጽሐፍ ላይ የተደረገው ነው። እኒህ የቶሪኖ ተወላጅ ኬሚስት ከአውሽቪትዝ ተመልሰው የጻፉትና በ1947 በኢጣልያንኛ የታተመው መጽሐፍ ስሙ «ይህ ሰው ከሆነ» ነው፤ በመጽሐፉ ራስ ላይ ካለው ግጥም የተወሰደ ሲሆን፣ አንባቢው እንደዚያ የተዋረደው ፍጡር አሁንም ሰው መሆን አለመሆኑን ራሱን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ስቱዋርት ዉልፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ንባብ በእንግሊዝ አገር ይህንኑ ስም ሲይዝ፣ በአሜሪካ «በአውሽቪትዝ መትረፍ» ተብሎ ተሰራጨ። ጥያቄው ተሽሮ በስፍራው መልስ ቆመ፤ ያውም የተሳሳተ መልስ፣ ሌቪ በሕይወት የመውጣታቸውን ምክንያት ለዕድል እንጂ ለብልሃታቸውም ለብርታታቸውም አልሰጡምና። አሳታሚው ስም በማውጣት ደራሲው ሆን ብሎ ክፍት የተወውን የሚዘጋ ከሆነ፣ ከሥልጣኑ ወሰን አልፏል።

ኢትዮጵያን የሚመለከቱ መጻሕፍትም ይህ ዕጣ ደርሷቸዋል። ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነታቸው የአባ ጀሮኒሞ ሎቦን የአቢሲንያ ጉዞ ተርጉመው ስለ ነበረ በ1759 «የአቢሲንያ ልዑል» ብለው ያሳተሙትን ድርሰት፣ በ1768 በፊላደልፊያ ሮበርት ቤል ሲያትሙት «የአቢሲንያው ልዑል የራስላስ ታሪክ» ብለው፣ ከበታቹም «የእስያ ተረት» የሚል ጨመሩበት። የምሥራቅ ተረት በዚያ ዘመን የተወደደ በመሆኑ ይመስለኛል፣ አገራችን በአንድ መስመር ከአፍሪካ ወደ እስያ ተሻገረች፤ ይሁን እንጂ የራስላስን ስም በርእሱ ላይ ማዋላቸው መልካም ነበር፣ ዓለምም ኋላ የጠራው፣ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ የመለሱት ድርሰት የታወቀው በዚሁ ስም ነው። ኤቭሊን ዋው ደግሞ የ1930ውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን አይተው የጻፉት መጽሐፍ በ1931 በለንደን «ሩቅ ሕዝቦች»፣ በአሜሪካ በ1932 «ገና ይጨፍሩ ነበር» ተባለ። ይህ ሁለተኛው ስም የመጽሐፉ መነሻ ቃላት ሲሆን፣ ጨፋሪዎቹም በንጋት ጅቡቲ የምትደርሰው መርከብ ተሳፋሪዎች ናቸው፤ መጽሐፉን ያልከፈተ አሜሪካዊ ግን ጭፈራው የአዲስ አበባ ሰዎች እንደ ሆነ ቢገምት በምን ይፈረድበታል?

በዘመናችን በአዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ ያደጉት ዲናው መንግሥቱ በ2007 ያሳተሙት የመጀመሪያ ልብ ወለድ በአሜሪካ «ሰማይ የሚሸከማቸው ውብ ነገሮች» ተባለ፤ ይህም ከዳንቴ «ሲኦል» ፍጻሜ የተወሰደ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን «የአብዮት ልጆች» ተብሎ ወጥቶ፣ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት ያገኘው በዚህ ስም ነው። ባለታሪኩ አባቱን በቀይ ሽብር ዘመን አጥቶ የተሰደደ፣ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ስለ ሆነ ሁለቱም ስም ሐሰት አይደለም። ሆኖም የአሜሪካው ስም ሰውየውን ከጨለማ ወጥቶ ሰማይን ከሚመለከት መንገደኛ ጋር ሲያስተካክለው፣ የለንደኑ አብዮት ለወለደው ትውልድ ይሰጠዋል፤ አብዮት የሚለው ቃል በቤቱ ሐዘን ያስቀመጠበት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ስም በቀላል አያልፈውም። እኔ የምመርጠው ያንን የዳንቴውን ነው፤ የስደተኛው ነፍስ በታሪክ ብቻ ተለክታ እንዳትቀር ያደርጋልና።

መዝጋቢው ግን ሊመርጥ አልተሾመም፤ ሥራው ሁለቱን ስሞች ማገናኘት ነው። አንዱን ዋና አድርጎ ይመዘግባል፣ በሌላውም ስም ካርድ አዘጋጅቶ «ይመልከቱ» ብሎ ወደ ዋናው ይመራል፤ በክርስትና ስሙም በዓለም ስሙም የሚጠራ ሰው ያው አንዱ ሰው እንደ ሆነ ሁሉ፣ መጽሐፉም አንድ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ለዚህ ሥራ ለብዙ ዘመን የተመራንበት የእንግሊዝና የአሜሪካ የጋራ የካታሎግ ሕግ ራሱ በ1967 ሲወጣ የሰሜን አሜሪካና የብሪታንያ ተብሎ በሁለት ንባብ ነበር፤ አንድ የሆነው በ1978 በሁለተኛው ዕትም ነው።

በአገራችንም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሱ ብዙ መጻሕፍት አዲስ ስም ይዘው ይወጣሉ፤ ለአማርኛ አንባቢ የሚስማማ ስም ማውጣት የተርጓሚውና የአሳታሚው ተገቢ ሥልጣን በመሆኑ ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተመለሱ ስለማይገልጹ፣ ተማሪው ምንጩን ሊያመሳክር፣ መዝጋቢውም ሊያገናኝ አይችልም። የአዲስ አበባ አሳታሚዎች ሆይ፣ ስሙን እንደ ፈቀዳችሁ ለውጡ፤ በርእሱ ገጽ ጀርባ ግን የመጀመሪያውን ስም፣ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት በአንዲት መስመር እንድታሰፍሩልን እለምናችኋለሁ።