የሀገር ፍቅር ማኅበር አጀማመርና የአዝማሪው ዕድል

የሀገር ፍቅር ማኅበር ታሪክ በተነሣ ቁጥር ብዙዎች የሚያደንቁት የአርበኝነት ዓላማውን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበሩ በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የተቋቋመው የወልወል ግጭት በተነሣበት በ1927 ዓ. ም. ሲሆን፥ ተግባሩም ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ለሚመጣው ጦርነት ማንቃት ነበር። በጠላት ወረራ ሥራው ተቋረጠ፤ ከነጻነት በኋላም በ1934 ዓ. ም. እንደ ገና ቆመ።

ዳሩ ግን የኪነ ጥበብ ማኅበር በዓላማው ብቻ አይመዘንም። መድረኩ ለጥበቡ ምን ሰጠው? ምንስ አጎደለበት? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

የሰጠው ብዙ ነው። ቀድሞ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ወደ ግብር፥ ከግብር ወደ ጠጅ ቤት የሚዞር፥ ጨዋታው እየተወደደለት እርሱ ግን የሚናቅ ሰው ነበር። ማኅበሩ ማሲንቆውን፥ ክራሩን፥ ዋሽንቱንና ከበሮውን በአንድ መድረክ ሰብስቦ በኅብረት አሰማ። ባለሙያውም ደመወዝና የሥራ ስም አገኘ። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ የሙያውን በር የከፈተው በዚሁ ቤት ነው። ተመልካቹም ወንበሩን ይዞ፥ ጸጥ ብሎ ማድመጥን ለመደ።

ነገር ግን ጉድለቱ ያለው ከዚሁ ጸጥታ ውስጥ ነው። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ያቀብላል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፤ ሰሙ ለሁሉ፥ ወርቁ ለሚገባው ይደርሳል። ስለዚህ ግጥሙ የሁለት ሰዎች ድርሰት ነው። በመድረክ ላይ ግን ግጥሙ በደራሲ ተጽፎ፥ በልምምድ ተጠንቶ ይቀርባል። አስቀድሞ የተጻፈ ደግሞ አስቀድሞ ሊመረመር ይችላልና ድፍረቱ ይቀንሳል። አድማጩም ከደራሲነት ወደ ተመልካችነት ይወርዳል።

በእኛ አስተያየት ትርፉ ከጉድለቱ ይበልጣል፤ ክብር ያጣ ባለሙያ ጥበቡን ለልጁ ሊያወርስ አይደፍርምና። ሆኖም ጉድለቱ የማይጠገን አይደለም። የተቀበል ልማድ ዛሬም በአዝማሪ ቤቶች ሕያው ስለ ሆነ፥ አዘጋጆች ከኅብረቱ ጨዋታ መካከል ለአንድ ማሲንቆና ለአዳራሹ ሰው ስንኝ ጥቂት ጊዜ ቢለዩ መልካም ነው። ሕዝብን ለማንቃት የተነሣ ማኅበር ሕዝቡ ሲናገር ቢያደምጥ ከመነሻው አይርቅም።