«የ15ኛው ክፍለ ዘመን መስቀል» የሚለውን ማን ለካው?

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ቆማችኋል እንበል። በአንድ እጃችሁ ከሐይቁ ሥር የወጣ ጭቃ፣ በሌላው አሮጌ የነሐስ መስቀል ይዛችኋል። ዕድሜውን በቀላሉ የሚነግራችሁ የትኛው ነው?

ጭቃው! ተመራማሪዎች ከአርዲቦና ከጎረቤቱ ሎጎ ሐይቅ ሥር ባወጡት ጭቃ የ3000 ዓመት የደን ታሪክ አንብበዋል። ጭቃው ውስጥ የዕፅዋት ቅሪት አለ፤ በቅሪቱ ውስጥ ያለው ካርቦን 14 ደግሞ በየ5730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ነሐስ ግን ብረት ነው፣ እንዲህ የሚለካ ካርቦን የለውም።

ታዲያ በሙዚየምና በጨረታ ካታሎግ ላይ «15ኛው ክፍለ ዘመን» ተብሎ በድፍረት የሚጻፈው ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከቅርጹ ነው። ባለሙያው መስቀሉን የሰጪው ስም ከተቀረጸባቸው ሌሎች መስቀሎችና ዘመናቸው ከታወቀ የብራና ሥዕሎች ጋር ያስተያያል። ዘዴው መጥፎ አይደለም። ችግሩ፣ የእኛ አንጥረኞች የአባቶቻቸውን ቅርጽ አይተዉም። በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ያለውን «አፍሮ አይገባ» መስቀል አስቡት፤ አምሳያው ዛሬም እየተሠራ ይሸጣል። ጽሑፉስ ቢሆን መስቀሉ ከተሠራ ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቀረጽ ይችላል እኮ። (ቻይናም ይኸው ጣጣ አለባት፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግ ጥንታዊ የነሐስ ዕቃዎችን አስመስሎ አሠርቷል።)

የብረቱን ቅልቅል መመርመር ይረዳል። ዚንኩ ከ33 በመቶ በላይ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ዝቅ ካለ ግን ጥንታዊነቱን አያረጋግጥም፤ የተሰበረ መስቀል ቀልጦ አዲስ ይሠራበታላ! ላዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝገትም በአሲድ በቀናት ውስጥ ይመጣል።

እኔን የሚያናድደኝ ግምቱ አይደለም፣ «በግምት» የምትለዋ ቃል ከመግለጫው ላይ መጥፋቷ ነው። በቅርጽ መገመት በመቶዎች ዓመታት ሊያሳስት ይችላል። የአባ ገሪማ ወንጌሎችን ብዙ ሊቃውንት ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፉ ናቸው ይሉ ነበር፤ የብራናው ካርቦን ሲለካ ግን በፈረንጆች ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌልማ ይህም አላስፈለገው፣ 1280/81 የሚያደርሰን ዘመን ራሱ ላይ ተጽፏል።

የመስቀሉ የእንጨት ዘንግ ካለ ካርቦኑን መለካት ይቻላል። ግን ዘንግ ሲሰበር በሌላ ይተካል።